የሲ ፕሮግራማችሁ ሰዓት ከ2030 ጥምቀት እንዲያልፍ፦ የሰዓት ዓይነቶችን ከስታንዳርዱ ጋር ማስማማት

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማክሰኞ ነው፤ ጥምቀትም ነው። ያን ዕለት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ፣ ከ1 ጃንዋሪ 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ የሚቆጥረው ባለ 32 ቢት የሰዓት ቆጣሪ ይሞላል። ቁጥሩ 2147483647 ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ ቆጣሪው ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይወረወራል።

«ገና ነው» የሚል አይጠፋም። በ2018 የተፈረመ የ15 ዓመት ብድር ማብቂያ የሚያሰላ ፕሮግራም ግን ጥምቀቱን አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ይሳሳታል። ደሴም ኮምቦልቻም ፕሮጀክት የሚሠሩ ልጆች የሚያነሱት ችግር ደግሞ ይኸው ነው፦ «ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፣ ትንሿ ቦርድ ላይ ስጭነው ቀኑ ይቀውሳል።» ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቦርዱ አይደለም። የሲ ቋንቋ ስታንዳርድ (መደበኛ ደንቡ) ቃል ያልገባውን ነገር ኮዱ እንደተሰጠ ስለሚቆጥር ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሚኒባስ የተሠራ የጉዞ መመዝገቢያ ነው። ባለ 32 ቢት ቦርድ ላይ ይሠራል፤ መነሻና መድረሻ ሰዓት ይጽፋል። የእናንተ ፕሮግራም ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የትእዛዞችንና የዓይነቶችን ስም እዚህ በፊደላችን ነው የጻፍኩት። ኮድ ላይ ስታስገቡ በተለመደው የላቲን አጻጻፋቸው ጻፏቸው።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ጂሲሲ ኮምፓይለር። ላፕቶፓችሁ ባለ 64 ቢት ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ከሆነ ጂሲሲ-መልቲሊብ የሚባለውን ጥቅልም ጨምሩ። ያለ እሱ በ-ኤም32 ኮምፓይል ማድረግ አይቻልም። ኔትወርኩ ደህና በሆነ ሰዓት አስቀድማችሁ አውርዱት።
- ፌክታይም የሚባለውን፣ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የውሸት ሰዓት የሚያሳይ መሣሪያ።
- ፕሮግራሙ በመጨረሻ የሚሠራበትን ቦርድ ራሱን። በላፕቶፕ ብቻ የተፈተሸ ነገር አልተፈተሸም።
- የኮዱንና እስካሁን የተመዘገበውን ዳታ ሙሉ ቅጂ። ደረጃ 7 ላይ የፋይሉ ቅርጽ ይቀየራል፤ ያለ ቅጂ እዚያ ከደረሳችሁ መመለሻ የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሙከራ ብላችሁ የምትሠሩበትን ላፕቶፕ ቀን ወደ 2030 አትቀይሩ። ድረ ገጾች የምስክር ወረቀታቸው ጊዜው አልፏል እያሉ ይዘጋሉ። ሜክም የትኛው ፋይል አዲስ እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

ደረጃ 1፦ ማሽኑን ጠይቁ

ቦርዱ ላይ አራት ነገር እዩ።

1. ጌትኮንፍ ሎንግ_ቢት ብላችሁ አስኪዱ። 32 ወይም 64 ይላችኋል።
2. ፋይል በሚባለው ትእዛዝ የተጠናቀቀውን ፕሮግራም ፈትሹ። ከርነሉ 64 ቢት ሆኖ ፕሮግራሙ 32 ቢት ሊሆን ይችላል።
3. ኤልዲዲ --ቨርዥን በሉ። የጂሊብሲ (የሊነክስ የሲ ላይብረሪ) ቁጥሩን ጻፉት። 2.34 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል።
4. ዩኔም -አር በሉ። ለባለ 32 ቢት ማሽን የሊነክስ ከርነል ከ5.6 ጀምሮ ያለው ነው የሚያስተማምነው።

ከዚያ ሦስት ቁጥር ብቻ የሚያትም ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፦ የታይም_ቲ (ሲ ሰዓትን የሚይዝበት ዓይነት) መጠን፣ የሎንግ መጠን፣ በስትራክት ታይምስፔክ (ሰከንድና ናኖሰከንድ አብሮ የሚይዘው) ውስጥ ያለው የቲቪ_ኤንሴክ (የናኖሰከንዱ አባል) መጠን። ሁሉም በባይት። መልሱን እንዲህ አንብቡት፦

- 8፣ 8፣ 8፦ የተለመደ ባለ 64 ቢት ሊነክስ።
- 4፣ 4፣ 4፦ አሮጌ ባለ 32 ቢት። ጥምቀት ላይ የሚቆመው ይህ ነው።
- 8፣ 4፣ 4፦ ባለ 32 ቢት ሆኖ ሰዓቱ ወደ 64 የተሸጋገረ። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስም እንዲሁ ይላል፤ እዚያ ሎንግ 4 ባይት ነው።
- 8፣ 4፣ 8፦ ኤክስ32 የሚባለው ብርቅዬ አሠራር። ስለ እሱ ደረጃ 2 ላይ።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፏቸው። በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምታዩት እነሱን ነው።

ደረጃ 2፦ ስታንዳርዱ ምን ቃል እንደገባ ለዩ

የሲ ስታንዳርድ ስለ ታይም_ቲ የሚለው በጣም ጥቂት ነው። ቁጥር ነው፤ ጊዜን ይወክላል፤ በቃ። ስንት ባይት እንደሆነ አይናገርም። ሰከንድ እንደሚቆጥር እንኳ አይናገርም።

ሰከንድ መሆኑን የሚደነግገው ፖዚክስ ነው፤ ሊነክስን የመሰሉ ሲስተሞች የሚከተሉት ሌላ ስታንዳርድ። የፖዚክስ የ2008 እ.ኤ.አ. እትም ሙሉ ቁጥር እንዲሆን አደረገው። የ2024ቱ እትም ደግሞ ቢያንስ 64 ቢት ይሁን አለ። ስለዚህ 4፣ 4፣ 4 የሚል ማሽን አዲሱን ፖዚክስ አያሟላም ማለት ነው።

ቲቪ_ኤንሴክ ላይ ነገሩ ትንሽ ይጠማዘዛል። ሲ11ም (የ2011 እ.ኤ.አ. የሲ ስታንዳርድ እትም) ፖዚክስም ዓይነቱ ሎንግ ነው ይላሉ። በኤክስ32 ላይ ግን ጂሊብሲ ሎንግ ሎንግ አድርጎታል፤ ሎንግ እዚያ 4 ባይት ሲሆን ከርነሉ ደግሞ 8 ስለሚጠብቅ። ይህ ከስታንዳርዱ ያፈነገጠ ነው፤ እንደ ስህተትም ከተመዘገበ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ሲ23 የተባለው የስታንዳርዱ እትም መጣና ደንቡን አላላው፦ ከ0 እስከ 999,999,999 መያዝ የሚችል ምልክት ያለው ሙሉ ቁጥር ከሆነ ይበቃል አለ። በኔ እይታ ስታንዳርዱ ራሱ ወደ ስህተቱ መጠጋቱ ብዙም አያኮራም። ለእናንተ ግን ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ቲቪ_ኤንሴክ የግድ ሎንግ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ስታነቡት ወደ ሎንግ ካስት አድርጉት (ዓይነቱን ለውጡት)። ዋጋው ከአንድ ቢሊዮን ስለማይደርስ በየትኛውም ማሽን ላይ ይገባል።

ሌላም ቃል ያልተገባ ነገር አለ። የስትራክት ታይምስፔክ አባላት ቅደም ተከተል አልተደነገገም። በቅንፍ ውስጥ ሁለት ቁጥር ብቻ ደርድሮ ማስጀመር ልማድ ሆኗል። ተዉት። እያንዳንዱን አባል በስሙ ጠርታችሁ ዋጋ ስጡት።

ደረጃ 3፦ መላውን ፕሮጀክት በ64 ቢት ሰዓት ኮምፓይል አድርጉ

ቦርዳችሁ 4፣ 4፣ 4 ካለ ይህን አድርጉ። 8 ካለ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

1. ሜክፋይሉን ክፈቱ።
2. በሲፍላግስ መስመር ላይ በ-ዲ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ _ታይም_ቢትስ 64 እና _ፋይል_ኦፍሴት_ቢትስ 64።
3. ሜክ ክሊን አድርጉ። አሮጌ የኦብጀክት ፋይል አንድም እንዳይቀር።
4. እንደገና ኮምፓይል አድርጋችሁ የደረጃ 1ን ትንሽ ፕሮግራም በነዚሁ ፍላጎች አስኪዱ። 8፣ 4፣ 4 ማለት አለበት።

ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ ካስገባችሁ ኮምፓይለሩ ከጂሊብሲ ሄደር ውስጥ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ይህን መልእክት ካያችሁ አትደንግጡ፤ ሁለተኛውን ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን በአንድ የሲ ፋይል አናት ላይ ብቻ አትጻፉ። ግማሹ ፋይል 8 ባይት፣ ግማሹ 4 ባይት ይሆናል። ሊንከሩ ምንም አይልም። ፕሮግራሙ ይነሳል፤ ሚኒባሱም በወረቀት ላይ በ1894 ኮምቦልቻ ይደርሳል።

ይኸው አደጋ ከውጭ ላይብረሪ ጋርም አለ። ላይብረሪው ሄደሩ ውስጥ ታይም_ቲ ወይም ታይምስፔክ የሚቀበል ፈንክሽን ካለውና እሱ በ4 ባይት ተሠርቶ ከሆነ አይግባቡም። መፍትሔው ላይብረሪውን ከምንጩ በተመሳሳይ ፍላግ እንደገና መሥራት ነው። ምንጩ ከሌላችሁ ከላይብረሪው ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው በአሮጌው መጠን ሥሩና ወደ ቀሪው ኮድ ዋጋውን በኢንት64_ቲ አሳልፉ።

በጂሊብሲ ፋንታ መስል የሚባለውን የሲ ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ከ1.2.0 ጀምሮ በባለ 32 ቢት ማሽኖችም ታይም_ቲ 64 ቢት ነው። ፍላግ አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 4፦ የተደበቁ ኢንቶችን አድኑ

ታይም_ቲ 8 ባይት ሆነ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ውጤቱን ኢንት ውስጥ የሚከት አንድ መስመር ካለ ሁሉም ከንቱ ነው።

1. -ዎል እና -ደብልዩኮንቨርዥን ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉ። ማስጠንቀቂያው ይበዛል። ሰዓትን የሚነካውን ብቻ ለዩ።
2. በግሬፕ ታይም፣ ክሎክ_ጌትታይም፣ ኤምኬታይም እና ስታት የሚጠሩባቸውን መስመሮች አውጡ። እያንዳንዱ ውጤት የሚገባበትን ቫሪያብል ዓይነት እዩ።
3. ኢንት፣ ሎንግ ወይም አንሳይንድ ኢንት ካገኛችሁ ወደ ታይም_ቲ ወይም ኢንት64_ቲ ቀይሩ።
4. 86400 ያለበትን ማባዛት ሁሉ ፈልጉ። 24,856 ቀን በ86,400 ሲባዛ ከኢንት ጣሪያ ያልፋል። ካስቱን ከማባዛቱ በፊት አድርጉ። ከተባዛ በኋላ ካስት ማድረግ የፈሰሰውን አያነሳም።

ሎንግን አደራ። ላፕቶፓችሁ ላይ 8 ባይት ስለሆነ ያታልላል።

ደረጃ 5፦ ሲታተም እንዳይቀውስ

ታይም_ቲን በ%ዲ ወይም በ%ኤልዲ አታትሙ። ወደ ሎንግ ሎንግ ካስት አድርጋችሁ በ%ኤልኤልዲ አትሙ። ለቲቪ_ኤንሴክ ወደ ሎንግ ካስት፣ ከዚያ %09ኤልዲ። ዘጠኙን ዜሮ ከረሳችሁ 5 ሰከንድ ከ7 ናኖሰከንድ «5.7» ሆኖ ይታተማል፤ አንባቢው አምስት ከሰባት አስረኛ ይለዋል።

ደረጃ 6፦ ናኖሰከንዱን በልኩ ያዙ

ቲቪ_ኤንሴክ ሁልጊዜ ከ0 እስከ 999,999,999 መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ።

አንደኛው መቀነስ ነው። መነሻን ከመድረሻ ስትቀንሱ ናኖሰከንዱ አሉታዊ ከወጣ 1,000,000,000 ጨምሩበትና ከሰከንዱ አንድ ቀንሱ። ስትደምሩ ደግሞ አንድ ቢሊዮን ከደረሰ ወይም ካለፈ ያንኑ ቀንሱና ሰከንዱ ላይ አንድ ጨምሩ።

ሁለተኛው ሚሊሰከንድን ወደ ናኖሰከንድ ማባዛት ነው። 4 ባይት በሆነ ሎንግ ላይ 2,500 ሚሊሰከንድን በ1,000,000 ብታባዙ ይፈሳል፤ ጣሪያው ሁለት ቢሊዮን ከ147 ሚሊዮን ገደማ ነው። መጀመሪያ በ1,000 አካፍላችሁ ሰከንዱን ለብቻው አውጡ። ቀሪውን ብቻ አባዙ።

ሦስተኛው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ፕሮግራሙን ለተወሰነ ጊዜ የሚያስተኛው ናኖስሊፕ ከልኩ ያለፈ ናኖሰከንድ ሲሰጠው አይተኛም። -1 መልሶ ወዲያው ይወጣል። ሉፕ ውስጥ ከሆነ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ይነዳል፣ ቦርዱ ይግላል፣ የሚኒባሱ ባትሪም ይጎዳል። ስለዚህ የናኖስሊፕን መልስ ሁልጊዜ ፈትሹ። ኤርኖ (የስህተቱን ዓይነት የሚይዘው ቫሪያብል) ኢኢንቫል ካለ ጥፋቱ የቁጥሩ ነው።

የቆይታ ጊዜ ለመለካት ክሎክ_ሪያልታይምን አትጠቀሙ። ወደፊት ብቻ የሚቆጥረውን ክሎክ_ሞኖቶኒክን ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ሰዓት ሲስተካከል አብሮ ይዘላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ሞተር ጠፍቶ ሲነሳ ባትሪ ያለው ሰዓት የሌለው ቦርድ ብዙ ጊዜ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ይጀምራል፤ ይህም 1 ጃንዋሪ 1970 ነው። ከዚያ ኔትወርክ ሲያገኝ ወደ ትክክለኛው ቀን ይዘላል። ሐረጎ ላይ እያለ ይህ ቢሆን ጉዞው ከ50 ዓመት በላይ የፈጀ ይመስላል። ፕሮግራሙ ከተሠራበት ቀን በፊት የሆነ ሰዓት ሲመጣ መዝገቡን «ሰዓቱ ያልተረጋገጠ» የሚል ምልክት አድርጉበት። አትጣሉት፤ ቆይታው በሞኖቶኒክ ተለክቶ ከሆነ አሁንም ይጠቅማል።

ደረጃ 7፦ ፋይልና ዳታቤዝ

ስትራክቱን እንዳለ በኤፍራይት ወደ ፋይል የምትጽፉ ከሆነ አቁሙ። በደረጃ 3 መጠኑ ተቀይሯል፤ አሮጌውን ፋይል አዲሱ ፕሮግራም አያነበውም። በባለ 32 ቢት ማሽን ላይ ደግሞ በስትራክቱ ውስጥ 4 ባይት ባዶ ቦታ ሊገባ ይችላል። በዚያ ባዶ ቦታ የሚቀመጠው ቆሻሻ ስለሆነ ሁለት ስትራክቶችን በሜምኮምፕ ማወዳደርም አይሠራም።

1. የራሳችሁን ቅርጽ ወስኑ፦ 8 ባይት ሰከንድ በኢንት64_ቲ፣ 4 ባይት ናኖሰከንድ በኢንት32_ቲ።
2. ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የቅርጽ ቁጥር ጻፉ። አሮጌው 1፣ አዲሱ 2።
3. አሮጌውን ወደ አዲስ የሚቀይር ለብቻው የቆመ ፕሮግራም ጻፉ። በቅጂው ላይ አስኪዱት። የመዝገቡ ብዛት እኩል ካልሆነ ዋናውን አትንኩ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ታይምስታምፕ የሚባለው የዓምድ ዓይነት የሚያቆመው እዚያው ጥምቀት ጠዋት ላይ ነው። ዴትታይም ወይም ቢግኢንት አድርጉት።

የፋይል ሲስተሙንም እዩ። ኤክስት4 ከሆነ በቱን2ኤፍኤስ -ኤል የአይኖዱን (የፋይሉን ቀንና መሰል መረጃ የሚይዘውን መዝገብ) መጠን አንብቡ። 256 ካለ እስከ 2446 እ.ኤ.አ. ይሄዳል። 128 ካለ 2038 እ.ኤ.አ. ላይ ይቆማል። በአሮጌ መሣሪያ ፎርማት የተደረጉ ከ512 ሜጋባይት ያነሱ ክፍልፋዮች ላይ 128 የተለመደ ነው። መፍትሔው ቀድቶ እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው።

ደረጃ 8፦ የሐበሻ ሰዓትና ቀን

እዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል። ደንቡ አንድ ነው፦ የሚቀመጠው የዓለም ሰዓት፣ የሚታየው የእኛ ሰዓት።

ከታይም_ቲ ላይ ስድስት ሰዓት ቀንሳችሁ አታስቀምጡ። ከደሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ መኪና በትናንቱ ቀን ይመዘገባል። ከሌላ ሲስተም ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሁሉም መዝገብ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል።

አንድ ተንኮለኛ ስህተትም አለ። የሰዓት ቀጠናን የሚወስነውን ቲዜድ የሚባለውን ቫሪያብል በአጭሩ አጻጻፍ ሲሞሉ ምልክቱ የተገለበጠ ነው፤ ለኢትዮጵያ «ኢኤቲ-3» ነው የሚጻፈው። «ኢኤቲ+3» ብትሉ ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ይሄዳል፤ ይህም ቁጭ የሐበሻ ሰዓት ይመስላል! ሰው አይቶ «ጎሽ፣ ተስተካከለ» ይላል። አልተስተካከለም። አፍሪካ/አዲስ_አበባ የሚለውን ሙሉ ስም ተጠቀሙና ከዚህ ጣጣ ውጡ።

ለማሳየት ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. በሎካልታይም_አር የአገሩን ሰዓት አውጡ።
2. ሰዓቱ ላይ 6 ጨምሩ፤ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ። ቀሪው 0 ከሆነ 12 በሉት።
3. ክፍለ ጊዜውን ከመጀመሪያው ሰዓት ወስኑ፦ ከ0 እስከ 5 ሌሊት፣ ከ6 እስከ 11 ጠዋት፣ ከ12 እስከ 17 ቀን፣ ከ18 እስከ 23 ማታ።

ለቀኑ የኢትዮጵያን ወር ስትራክት ቲኤም ውስጥ ከትታችሁ ኤምኬታይምን አትጥሩ። ኤምኬታይም የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። ጳጉሜን በ12 ቁጥር ስታስገቡ ምንም ሳይል የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ያደርገዋል። በዚህ ስሌት ተኩ፤ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የቀን ብዛት ይሰጣል፦

365 × (ዓመት − 1) + ዓመት ÷ 4 + 30 × (ወር − 1) + ዕለት − 716368

ማካፈሉ ቀሪውን የሚጥል የሙሉ ቁጥር ማካፈል ነው። ፈትሹት፦ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ሲገባ 0 መውጣት አለበት። ጥር 11 ቀን 2030 ሲገባ 24855። ጳጉሜን 6 ቀን 2027 እና መስከረም 1 ቀን 2028 በአንድ ብቻ መበላለጥ አለባቸው። ውጤቱን በ64 ቢት በ86400 አባዙ፤ የአገሩ እኩለ ሌሊት ለማግኘት 10800 ቀንሱ።

ደረጃ 9፦ ጥምቀት ላይ ቁሙና ፈትሹ

ሰዓት የሚጠይቀውን ሁሉ በአንድ የራሳችሁ ፈንክሽን አሳልፉ፤ ኢንት64_ቲ ይመልስ። በሙከራ ጊዜ ያ ፈንክሽን የፈለጋችሁትን ቁጥር እንዲሰጥ አድርጉ። ከፌክታይም ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ፌክታይም ስታቲክ ሆኖ በተገነባ ፕሮግራም ላይ አይሠራም።

እነዚህን አስገቡ፦ 0፣ −1፣ 2147483647፣ 2147483648 እና 4294967296። ለእያንዳንዱ ያትም፣ ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ተመልሶ ይነበብ። ሁለተኛው ቁጥር ሆን ተብሎ ነው፦ ኤምኬታይም ሲሳካለትም −1 ሊመልስ ይችላል፣ ሲሳሳትም −1 ይመልሳል። ለመለየት ከመጥራታችሁ በፊት ቲኤም_ደብልዩዴይን −1 አድርጉት። ከጥሪው በኋላ ካልተቀየረ እውነተኛ ስህተት ነው።

ሲበላሽ

- ቀኑ 1894 ወይም 1901 እ.ኤ.አ. ካለ፦ የሆነ ቦታ 4 ባይት ቀርቷል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።
- ቀኑ 1962 ወይም 1970 እ.ኤ.አ. ካለ፦ ቦርዱ ሰዓት አላገኘም። ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውንና ኔትወርኩን እዩ።
- ሰከንዱ ትክክል ሆኖ ናኖሰከንዱ የማይታመን ቁጥር ካተመ፦ ካስት ረስታችኋል፤ ደረጃ 5።
- ላይብረሪ ስትጠሩ ብቻ ከቀወሰ፦ የላይብረሪው ታይም_ቲ ከእናንተው ጋር አይገጥምም፤ ደረጃ 3።
- ልክ በስድስት ሰዓት ከተዛነፈ፦ ቲዜድ። በሦስት ሰዓት ከተዛነፈ ደግሞ ሎካልታይም_አር ባለበት ጂኤምታይም_አር ጠርታችኋል፤ ወይም ቦርዱ ላይ የሰዓት ቀጠና ፋይሎች አልተጫኑም። ቲዜድዳታ የሚባለውን ጥቅል ጫኑ፤ መጫን ካልቻላችሁ «ኢኤቲ-3» ይበቃል፣ ኢትዮጵያ በክረምትና በበጋ ሰዓቷን አትቀያይርም።